ቁልቋልን በመስኮት ሥር ማሳደግ

ካክተስ ነው?

አርሲ፣ ሲሬ ውስጥ ክንዶቹን ወደ ላይ የዘረጋውን ረጅም ተክል ተማሪዎቼ «ካክተስ» ይሉታል። ካክተስ አይደለም፤ ቁልቋል ነው፣ በኦሮምኛ አዳሚ። የአዳማ ከተማ ስምም ከእሱ እንደመጣ ይነገራል። ካክተሶች ከአንድ ዝርያ በቀር ሁሉም የአሜሪካ አህጉር ተወላጆች ናቸው፤ በለስም ከዚያው የመጣ ነው። ቁልቋል ግን ኢዩፎርቢያ ከሚባለው ወገን የሆነ የአገራችን ተክል ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ሥዕሉ ሳይቀር አለ። ቁልቋልንና ካክተስን ያመሳሰላቸው ዝምድና ሳይሆን ድርቅ ነው። ሲቆረጥ ነጭ ወተት ካፈሰሰና እሾሁ ጥንድ ጥንድ ከሆነ ቁልቋል ነው።

ወተቱ

ይህን ሳትሰሙ ቢላ አታንሡ። የቁልቋል ወተት ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ከገባ ማየት እስከመከልከል ይደርሳል። ስትቆርጡ ጓንትና መነጽር አድርጉ። ዓይን ከነካ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ እያጠባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ልጆች ባሉበት ቤት እጃቸው የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

አተካከል

ክረምቱ ካለፈ በኋላ አንድ ክንድ ቁረጡ። ወተቱን በውሃ አጥባችሁ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ሁለት ሳምንት ያህል ጥላ ውስጥ አቆዩት። እርጥቡን ከተከላችሁት ይበሰብሳል። አፈርና ደቃቅ ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) እኩል ቀላቅሉ፤ ሸክላው ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው፣ ከበድም ይበል፤ ቁመቱ ሲጨምር ቀላል ዕቃ ይገለብጣል።

ለምን ቤት ውስጥ?

ቁልቋል ሁለት ጠላት አለው፤ ውርጭና ውሃ የቋጠረ መሬት። ሲሬ ደጅ ላይ ብርዱን የሚችለውን ቁልቋል፣ ደጋው በቆጂ አካባቢ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ሊጎዳው ይችላል። ከመስከረም እስከ መጋቢት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታጋድል የደቡብ መስኮት ይመረጣል። አንድ ጎኑ ብቻ ወደ ብርሃን እንዳያጋድል በየሳምንቱ ጥቂት አዙሩት።

ውሃና ክረምት

ቁልቋል አየር የሚስበው ሌሊት ነው። ቀን ቀዳዳዎቹን ዘግቶ ውሃውን ይቆጥባል፤ ሌሊት ከፍቶ የሳበውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአሲድ መልክ አኑሮ በማግስቱ ፀሐይ ይጠቀምበታል። ስለዚህ በበጋ አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ ብቻ አጠጡት። በክረምት ደመናው ብርሃን ይነሣዋል። በዚያ ላይ ውሃ ከተጨመረ አናቱ ቀጥኖ ይመዘዛል፣ ሥሩም ይበሰብሳል። በጥማት ከሚሞተው ቁልቋል ይልቅ በደግ እጅ የሚሞተው ይበዛል። ሐምሌና ነሐሴ ጣሳውን አታንሡ።