የሞተር ብስክሌት የኋላ ሞላ

ድሬዳዋ ውስጥ ታይዋን የሚባል የገበያ ሰፈር አለ። ከዚያ ዕቃ ገዝቶ በሞተር ብስክሌት የሚጭን ሰው አስቀድሞ የኋላውን ሞላ ማየት አለበት። ለምን?

ጎማው ድንጋይ ሲረግጥ ሞላው ይጨመቃል፤ ተመልሶም ይዘረጋል። በሾክ አብዞርበሩ ውስጥ ያለው ዘይት ንጥረቱን ያበርዳል። ሞላው ለጭነቱ ከላላ ኋላው ይወርዳል፤ የፊቱ ጎማ ይቀላል፤ መሪው አይታዘዝም። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ደግሞ ጎማው ይነጥራል። መሬት ያልነካ ጎማ ፍሬን ቢይዙት አያቆምም። ሁለቱም ሰው ይጥላሉ።

በእሽቅድምድም ሜዳ የሚነዱ ሰዎች በግምት አይሠሩም፤ ይለካሉ። መጀመሪያ የኋላው ጎማ ከመሬት ይነሣል። ከጎማው መሐል እስከ መቀመጫው ሥር ይለካል። ቀጥሎ ጎማው ይወርድና ነጂው ይቀመጣል፤ ሌላ ሰው ሞተሩን ይደግፋል፤ እንደገና ይለካል። 60 ሳንቲ ሜትር የነበረው 57 ቢሆን ኋላው 3 ሳንቲ ሜትር ወርዷል። ለእሽቅድምድም ሞተር ይህን ያህል ይበቃል። በጣም ከወረደ የሞላው ማጥበቂያ ቀለበት ይጠብቃል፤ ካነሰ ይላላል። ማጥበቅ ግን ቀጭኑን ሞላ ወፍራም አያደርገውም። ክብደቱን የማይችል ሞላ ይለወጣል።

የእሽቅድምድም ሜዳ ለስላሳ አስፋልት ነው። የእኛ መንገድ ግን ጉድጓድና ድንጋይ አለው። ስለዚህ ከሜዳው የምንወስደው ልኩን ሳይሆን የመለካት ልማዱን ነው። ጭነት ሲጨመር ሞላው ይጥበቅ፤ ጭነቱ ሲወርድ ወደ ቦታው ይመለስ። በግራና በቀኝ ሞላ ካለ ሁለቱም እኩል ይጥበቁ።

ጥያቄዎች
1. ሞላ ሲላላ መሪው ምን ይሆናል?
2. የሜዳው ልክ ለእኛ መንገድ ለምን አይሆንም?