በመሣሪያ ፋብሪካ እየሠራሁ ስለ ሰላም ልጸልይ?

ጥያቄ፦ ይባርኩኝ አባቴ። አሜሪካ ነው የምኖረው። የምሠራበት ፋብሪካ የሚሳኤል ክፍሎች ያመርታል። ስለ ሰላም ስጸልይ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይባርክዎ፣ ውድ እኅታችን። ወቀሳው የሚመጣው የሠሩት ዕቃ ማን ላይ እንደሚያርፍ ስለማያውቁ ይመስለኛል፤ ጸሎትዎን አያስተጓጉለው። ወታደሮች መጥምቁ ዮሐንስን እንደ እርስዎ ሲጠይቁት (ሉቃ. 3፥14) ግፍን ከለከላቸው እንጂ ሥራችሁን ልቀቁ አላላቸውም። ይህን ግን ለማንኛውም ሥራ ፈቃድ አድርጌ አላየውም።

ሲጸልዩ ለይተው ይጸልዩ፦ ለሻጩ፣ ለገዢው፣ ይልቁንም ሚሳኤሉ ለሚወድቅበት ሰው። በሚኖሩበት አገር ሕግ ለውጭ አገራት የሚደረጉ ትልልቅ የመሣሪያ ሽያጮች አስቀድመው ለኮንግረስ ይገለጻሉ፤ ብዙውን ጊዜ ከ30 ቀን በፊት። በእነዚያ ቀናት ስለ እንደራሴዎቹ ይጸልዩ፤ ድምፅ የሚሰጡ ከሆነ ደብዳቤም ይጻፉላቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው የመሣሪያ ንግድ ስምምነት፣ ለዘር ማጥፋት እንደሚውል የታወቀ መሣሪያ እንዳይተላለፍ ይደነግጋል። አሜሪካ ፈርማዋለች፤ አላጸደቀችውም። በጸሎትዎ ያስቡት።

ሥራ ለመልቀቅ አይቸኩሉ፤ የቤት ኪራዩም አለ። መጀመሪያ የንስሐ አባትዎን፣ ውል ካለብዎ ደግሞ የሥራ ሕግ ጠበቃ ያማክሩ። ሐሳቡ እንቅልፍ ከነሳዎት ሐኪም ያነጋግሩ።