ወዳጅን በመብል ነገር ስለ መርዳት

አንባቢ ሆይ፤ ሐኪም «ውፍረትህን ቀንስ» ብሎ ያዘዘው ወዳጅ ያለህ እንደ ሆነ፥ ያ ሰው ከሐኪሙ ቤት ወጥቶ ወደ ማን እንደሚመለስ አስተውል። የሚመለሰው ወደ አንተና ወደ ቤተ ሰቡ ማዕድ ነው። በዚያም ሐኪሙ የተከለውን እኛ ሳናውቅ እንነቅለዋለን፤ በእጃችን በጉርሻ፥ በአንደበታችንም በነገር።

በሐራና በመርሳ፥ በወልድያም አገር እንግዳን «በሞቴ ብላ» እያሉ ማስጨነቅ የፍቅር ምልክት ነው። ልማዱም ያለ ምክንያት አልበረታም። ወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በረኀብ ልጆቹን ቀበረ፤ በ1977 ዓ.ም. መከራው ተመልሶ መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያም ጦርነት በሰሜን ወሎ ሲያልፍ ብዙ ቤት እህል አጣ። ይህን ያየች እናት የልጅዋ ጉንጭ ጎድሎ ስታይ ትደነግጣለች፤ እርስዋን መውቀስ አይገባም። ነገር ግን ሰው ደክሞ ሰውነቱን ቀንሶ ሲመጣ «ምነው ከሳህ? ምን ነካህ?» ስንለው የድካሙን ፍሬ እንደ በሽታ ቈጥሮ ያፍራል። በሌላ ቀን ደግሞ ያው አንደበታችን በሰው ፊት በውፍረቱ ይቀልድበታል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋ መለየት ያስቸግረኛል። (ሳይፈልግና ሳይጥር የከሳ ሰው ግን ወደ ሐኪም ሊሄድ ይገባዋል፤ ያን ጊዜ ብቻውን ስታገኘው በቀስታ ጠይቀው።)

በትንቢተ ዳንኤል በ1ኛው ምዕራፍ እንደምናነበው፥ ዳንኤል የንጉሡን መብል ላለመብላት በልቡ ባሰበ ጊዜ ብቻውን አልቀረም። አናንያ፥ ሚሳኤልና አዛርያ 10 ቀን ከእርሱ ጋራ ጥራጥሬ በሉ፥ ውኃም ጠጡ። ታሪኩ ስለ መክሳት የተጻፈ አይደለም፤ እንዲያውም በመጨረሻው ሥጋቸው ወፍሮ ታየ። እኔ የማስተውለው ግን ሦስቱ ጓደኞች ዳንኤልን ሳይመክሩት ማዕዳቸውን መለወጣቸውን ነው።

በእኛ አገር በአንድ ገበታ ይበላልና፥ ለአንዱ ሰው ልዩ ሳሕን ማቅረብ ከወገን መለየት ይሆንበታል። ስለዚህ የወጡ ዘይት ለሁሉ ይቀነስ፤ ጎመኑና ምስሩ ለሁሉ ይብዛ። ጤፉንና ማሽላውን መተው አያሻም፤ መጠኑን ማሳነስ ይበቃል። የስኳሩን ነገር ግን ቈጥረን እንየው። በአንድ ብርጭቆ ሻይ 3 ማንኪያ የሚጨምር ሰው በቀን 4 ብርጭቆ ቢጠጣ 12 ማንኪያ ስኳር ዋጠ፤ አንዱ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ነውና 48 ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር መሠረት፥ በቀን 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ድንበሩ 50 ግራም ነው፤ ከ25 ግራም ባያልፍ ደግሞ ይሻላል። እንግዲህ በሻዩ ብቻ ከድንበሩ ደረሰ። ወዳጅህ በመጣ ጊዜ ስኳሩን ለብቻው አቅርብለት፥ ከራስህም ብርጭቆ ቀንስ።

ብዙ ሰዎች በጾም ወራት እንከሳለን ብለው ተስፋ ያደርጋሉ። እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ በዘይት የተጠበሰውን አብዝቶ የሚበላ ግን ምን ይቀንሳል? ከዚህ የሚያስፈራም አለ። ስለ ስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ቢጾም፥ በደሙ ያለው ስኳር እጅግ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው «ከእኔ ጋራ ጹም» ብለህ አትገፋፋው።

ለመራመድ ግን ጋብዘው። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መሄድ ለጤና የተመከረ ነው፤ በቀን 30 ደቂቃ ለ5 ቀን ማለት ነው። የሐራ አገር ቆላ ስለ ሆነ ፀሐይ ሳይበረታ በንጋት መውጣት ይሻላል። በመንገድም ስለ ገበያው፥ ስለ ልጆቹ ተጫወቱ፤ ስለ ክብደቱ እርሱ ካላነሣ አንተ አታንሣ።

በፋሲካ ወይም በሰርግ ቤት ያሰበውን ተላልፎ አብዝቶ ሲበላ ብታየው፥ ጉርሻውን በዓይንህ አትቍጠር፤ ሥጋውንም ከፊቱ አታርቅ። በማግሥቱ ስለ ትናንቱ ሳትጠይቀው፥ በትርህን ይዘህ እንደ ልማድህ በንጋት በሩን አንኳኳ።