ስለ ኤሌክትሪክ ኀይል መለኪያዎችና ከእነርሱ ስለሚነሣ ክርክር

በቁና ጉድለት ምክንያት ስንት ክርክር ከፊታችሁ እንደ ቀረበ እናንተው ትመሰክራላችሁ። ኤሌክትሪክም ወደ ወረዳ ሲገባ የራሱን ክርክር ይዞ ይገባልና፤ ዳኛ የሚሆን ሰው መስፈሪያውን አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

በሽቦ የሚሄደው ኮረንቲ በመስኖ ቦይ እንደሚሄድ ውሃ ነው። ውሃውን የሚገፋው የከፍታው ልክ በዚህ ዘንድ ቮልት ይባላል፤ በየሰከንዱ የሚያልፈው ብዛት አምፔር፤ የቦዩ ጥበት የሚያመጣው እንቅፋት ኦም ነው። ቮልቱን በኦሙ ብታካፍሉ አምፔሩን፤ ቮልቱን በአምፔሩ ብታበዙ ዋቱን ታገኛላችሁ። ቆጣሪ የሚቆጥረው ግን ኪሎዋት ሰዓትን ነው፤ ይኸውም 1,000 ዋት አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሠራ ነው። ምሳሌው ግን እስከዚህ ብቻ ነው፤ ውሃ ከተቀደደ ቦይ ሲፈስስ ይታያል፤ ከተቆረጠ ሽቦ ግን ምንም ሳይታይ የነካውን ይገድላል።

በ1820 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ኤርስቴድ የተባለው የዴንማርክ ሊቅ ኮረንቲ ያለበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያዞር ተመለከተ። ባለመርፌዎቹ መለኪያዎች የተገኙት ከዚህ ነው፤ በማግኔት ክንዶች መካከል የተጠቀለለው ሽቦ ኮረንቲው በበዛ ልክ መርፌውን ያዞራል። አምፔርሜትር በአንዱ ሽቦ መካከል ይገባል፤ ቮልትሜትር በሁለቱ ሽቦዎች ላይ ይያያዛል። አምፔርሜትሩን እንደ ቮልትሜትር ያያያዘ ሰው መሣሪያውን ያቃጥላል፤ ስለዚህ ሥራው ለባለሙያ ይተው።

አሁን በደሃና ወረዳ በአምደ ወርቅ አንድ ባለቤት ከምሰሶው ርቆ በተሠራ ቤት በቀጭን ሽቦ ኮረንቲ አስገባ እንበል። የሽቦው እንቅፋት ደርሶ መልስ 2 ኦም ነው። በ220 ቮልት 16 አምፔር የሚወስድ ምጣድ ቢለኩስ፥ 14 አምፔር ብቻ ይደርሰዋል፤ 28 ቮልት በመንገድ ይቀራል፤ የምጣዱም ሙቀት ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። 390 ዋት ያህል ሽቦውን እያሞቀ ይጠፋል። እንጀራው አልበስል ያለው ሰው መሥሪያ ቤቱን ይከስሳል፤ መሥሪያ ቤቱም ከምሰሶው ሥር ለክቶ 220 ሞልቷል ይላል። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ።

ዳኛው ይጠይቅ፦ ቆጣሪው የት ቆሟል? ከምሰሶው ሥር ከሆነ በመንገድ የጠፋው በባለቤቱ ሒሳብ ይገባል፤ በቤቱ ግድግዳ ላይ ከሆነ አይቆጠርበትም። ደግሞም ልኬቱ ምጣዱ እየጋለ ሳለ በሁለቱም ጫፍ ይደረግ፤ ኮረንቲ በማይሄድበት ጊዜ በሁለቱም ጫፍ 220 ይገኛልና እንዲህ ያለው ልኬት ለፍርድ አይረባም።

አምፔሩ እጥፍ ቢሆን ጥፋቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፥ ቁመቱ 188 ሜትር የሆነው የተከዜ ግድብ 300 ሜጋዋት እንዲያመነጭ ሲሠራ፥ ወደ መቀሌ የተዘረጋው መስመር 230,000 ቮልት የሆነው ስለዚህ ነው፤ ቮልቱ በበዛ ቁጥር ያው ኀይል በጥቂት አምፔር ይሄዳል። ባለቤቱ ግን ቮልቱን ሊያበዛ አይችልምና፥ ስፋቱ እጥፍ የሆነ ሽቦ ይግዛ፤ እንቅፋቱ በእኩሌታ ይቀንሳል።

ወፍጮ ለመትከል የሚያስብ ሰው ከዚህ ይልቅ ይጠንቀቅ። ምጣድ ቮልት ሲጎድልበት ይቀዘቅዛል፤ የወፍጮ ሞተር ግን ሸክሙን ላለመጣል አምፔር ይጨምራል፥ ይግላል፥ በመጨረሻም ይቃጠላል።