በዝናብና በነፋስ ቀን በቦይ ላይ መጓዝ

በእንግሊዝ አገር ከወንዞች ሌላ በሰው እጅ የተቈፈሩ ብዙ የውኃ ቦዮች አሉ። የባቡር ሐዲድ ሳይዘረጋ ከባድ ዕቃ በጭቃ መንገድ በጋሪ ይጓዝ ነበርና ድካሙ ብዙ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1761 ግን የብሪጅወተር መስፍን ወርስሊ ከሚባለው የከሰል ጕድጓዱ ወደ ማንችስተር ከተማ ቦይ አስቈፍሮ ከሰሉን በጀልባ ማስጫን ጀመረ። በከተማዪቱም የከሰል ዋጋ ረከሰ። ይህን ያዩ ሌሎች ባለጠጎችም እንደ እርሱ አደረጉ።

ለእነዚህ ቦዮች የተሠራችው ጀልባ ጠባብ ናት። ወርዷ ከ2 ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ርዝመቷ ግን እስከ 22 ሜትር ይደርሳል። አንድ ፈረስ በቦዩ ዳር እየሄደ 25 ቶን የሚያህል ጭነት ይጐትት ነበር። ባለጀልባዎቹ ከሚስቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር በጀልባዋ ኋላ ባለች ትንሽ ክፍል ይኖሩ ነበር። ልጆቹም ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ስለሚያድሩ ፊደል የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩ። ልጆች ሆይ፤ እናንተ ይህን ስታነቡ እነርሱን አስቡ። አሁን የጭነቱ ሥራ ቀርቶ፣ በፈረሱም ፈንታ ሞተር ገብቶ፣ ሰዎች ለዕረፍት ይጓዙባታል።

ይህች ጀልባ አየሩ ጸጥ ባለ ጊዜ ገራም ናት። ነፋስ በተነሣ ጊዜ ግን ጠባይዋ ይለወጣል። ሆዷ ጠፍጣፋ ስለ ሆነ በውኃው ውስጥ ጥቂት ብቻ ትሰጥማለች፤ ጐኗ ግን እንደ ግድግዳ ረዥም ስለ ሆነ ነፋሱ ገፍቶ ከዳር ያስጠጋታል። መሪው የሚታዘዘው ጀልባዋ ስትሄድ ነው፤ ዝግ ባለች ቍጥር እንቢ ይላል። በሰዓት ከ6 ኪሎ ሜትር ብዙ እንዳታልፍም ሕግ ይከለክላታል፤ የቦዩ ዳር በሞገድ ይናዳልና።

እንግዲህ አንድ አባትና እናት ከወንድ ልጃቸውና ከታናሽ እኅቱ ጋር በዌልስ አገር ትሬቨር በምትባል መንደር አድረው ነበር እንበል። በፊታቸው የፖንትከሲልቴ የውኃ ድልድይ አለ። ይህን ድልድይ ቶማስ ቴልፎርድና ዊልያም ጄሶፕ የሚባሉ መሐንዲሶች በ1805 ፈጸሙት። በ18 የድንጋይ ዓምዶች ላይ የብረት ገንዳ ተጋድሞ፣ ውኃው ከነጀልባው ከዲ ወንዝ በላይ 38 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያልፋል። ርዝመቱ 307 ሜትር ነው። በአንዱ ወገን የእግር መንገድና አጥር አለው፤ በሌላው ወገን ግን ከገንዳው ከንፈር በቀር ምንም የለም። ጀልባዋ ከገንዳው አትወጣም፤ በላይዋ የቆመ ሰው ግን ሊወድቅ ይችላል።

በዚያ ጧት ነፋሱ ዛፎችን ያጐነብስ ነበር። ልጁም «አባባ፤ ለምን አንሄድም? ቀኑ እኮ አለቀ» አለ። አባቱ «ድልድዩ ሁለት መቶ ዓመት ቆይቷል፤ እስከ ቀትር ይቆየናል» ብሎ ሻይ አፈላ። ልጁ በመስኮት እያየ አኰረፈ። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲበርድ ልጆቹ ከውስጥ ተቀምጠው፣ እናታቸው መሪውን ይዛ በዝግታ ተሻገሩ። ታናሽቱ ቍልቍል አይታ ዐይኗን ጨፈነች። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዋሻዎችንና የቸርክን ድልድይ አለፉ።

ኒው ማርተን ሲደርሱ ዝናቡ እንደ ገና ወረደ፤ ነፋሱም ተመለሰ። በዚያ ሁለት ሎኮች አሉ። ሎክ ማለት በላይና በታች በር ያለው የድንጋይ ገንዳ ነው። ጀልባዋ ከገባች በኋላ የታችኛው መዝጊያ ሲከፈት ውኃው ይጐድላል፤ ጀልባዋም እንደ ደረጃ ትወርዳለች። ነገር ግን ከላይኛው በር ሥር የድንጋይ ደፍ ወጣ ብሎ በውኃ ተሸፍኖ ይኖራል። የጀልባዋ ኋላ በደፉ ላይ ከተቀመጠ፣ ፊቷ ከውኃው ጋር ሲወርድ ኋላዋ ይንጠለጠላል፤ ውኃም ሊገባባትና ልትሰጥም ትችላለች። ስለዚህ የደፉን መጨረሻ የሚያሳይ ነጭ መስመር በግድግዳው ላይ ተቀብቷል።

አባቱ አንዱን መዝጊያ፣ ልጁ ሌላውን ከፈቱ። ዝናቡ የእናቱን ዐይን ስለ ጋረደ፣ ነፋሱ ጀልባዋን ወደ ኋላ ሲገፋት አላስተዋለችም። ልጁ ሥራውን ጨርሶ ከዛፍ ሥር ሊጠለል ይችል ነበር፤ እርሱ ግን ከነጩ መስመር ዐይኑን አላነሣም። የጀልባዋ ኋላ ከመስመሩ አልፎ ሲቀር አየና «አባባ፤ ደፉ! ዝጋ!» ብሎ ጮኸ፤ መዝጊያውንም በእጁ ባለው የብረት እጀታ አዙሮ ዘጋ። አባቱም ወዲያው ዘጋ፤ ከዚያም ወደ ላይኛው በር ሄዶ ጥቂት ውኃ ለቀቀ። ጀልባዋ ሲጥ ብላ ተነሣች፤ ከደፉም ወረደች። እናቱ ወደ ፊት ነድታት «አሁን ክፈቱ» አለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከሁለተኛው ሎክ በታች አደሩ። ጀልባዋን የሚይዙት ሁለት የብረት ችካሎች ናቸው፤ መሬት በራሰ ጊዜም በቀላሉ ይነቀላሉ። ልጁ ከመተኛቱ በፊት መብራት ይዞ ወጣ፤ አንዱ ችካል ላልቶ ነበርና በመዶሻ መትቶ አጠበቀው።