ጡንቻ ይስባል እንጂ አይገፋም

መርካቶ እህል በረንዳ ላይ አንድ ኩንታል ጆንያ ተሸክሞ የሚያልፍ ሰው ያላየ ማን አለ? ታዲያ ስንቶቻችን ነን ያን 100 ኪሎ የሚያነሣው ምን እንደሆነ ለተማሪ ማስረዳት የምንችል?

ጡንቻ ሦስት ዓይነት ነው። ልሙጥ ጡንቻ ጨጓራንና አንጀትን ያለ ፈቃዳችን ያንቀሳቅሳል። የልብ ጡንቻም ሳናዝዘው ዕድሜ ልኩን ይመታል። በፈቃዳችን የሚሠራው የአጥንት ጡንቻ ነው፤ ቁጥሩም ከ600 በላይ ነው።

የአጥንት ጡንቻ እንደ ገመድ ከብዙ ክሮች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ክር አንድ ረጅም ሕዋስ ሲሆን፣ በውስጡ አክቲንና ማዮሲን የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። በነርቭ ትእዛዝ ሲደርስ ማዮሲን አክቲንን ይዞ ይስባል፤ ጡንቻው ያጥራል፤ በጅማት የተያያዘውም አጥንት ይንቀሳቀሳል።

እንግዲህ ጡንቻ መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም። ስለዚህ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይሠራል። ከክርናችሁ በላይ ያዙና ክንዳችሁን እጠፉ፤ የፊተኛው ጡንቻ ያብጣል። ጠረጴዛ ወደ ታች ስትጫኑ ደግሞ የኋለኛው ይጠነክራል። ለክፍል ከዚህ የተሻለ መርጃ መሣሪያ የለም፤ ወጪም የለው!

ሸክም ከመሬት ሲነሣም እንዲሁ ነው። ጉልበት ታጥፎ፣ ሸክሙ ወደ ሰውነት ቀርቦ ሲነሣ ትላልቆቹ የጭንና የመቀመጫ ጡንቻዎች ይሠራሉ። ጎንበስ ብሎ በወገብ ብቻ ከሆነ ግን ጫናው ወገብ ላይ ይበረታል።

ነገ ከምናስተምራቸው ልጆች መካከል አባቱ ተሸካሚ የሆነ አይጠፋም። የጡንቻ ስም አስሸምድደን ብቻ አንላከው፤ ማታ ለአባቱ የሚነግረው ነገር ይዞ ይግባ።