ስለ ባትሪ ፍሰት መለኪያና ስለሚያሳስተው ሁከት
ለመንደር ትምህርት ቤት አስተማሪዎችና ለአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

ሚዛን ቀጥ ብሎ ካልቆመ ሻጭና ገዢ ይጣላሉ፤ ምስክር እውነቱን ካልተናገረ ዳኛ ይሳሳታል። የባትሪ ፍሰት መለኪያም ሚዛንም ምስክርም ስለ ሆነ፥ ቃሉን ከመቀበል አስቀድሞ እርሱን ራሱን መመርመር ይገባል።

በኦሞ ወንዝ ላይ ተሠርቶ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ጊቤ ሦስት 1870 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ያለውና ለወላይታ ቅርብ የሆነ ቢሆንም፥ መስመር ያልተዘረጋለት መንደር ብርሃኑን የሚያገኘው ከፀሐይ ሰሌዳና ከባትሪ ነው። በቦዲቲ አካባቢ የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤትም በ12 ቮልት ባትሪ ይገለገል ነበረ። ከባትሪው አጠገብ የፍሰት መለኪያ ተሰቅሏል። አንድ ሌሊት መብራቱ ሁሉ ጠፍቶ ሳለ፥ መለኪያው 3 አምፔር ያህል ከባትሪው እንደሚወጣ አመለከተ፤ በማግሥቱም ሌሊት እንዲሁ ሆነ። በ12 ሰዓት ሌሊት ውስጥ 36 አምፔር ሰዓት ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ የሌሊቱ ዘበኛ የሰው ስልክ በገንዘብ ይሞላል ተብሎ ተጠረጠረ። እርሱ ግን አላደረግሁም ብሎ ማለ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ እኔም ቃላቸውን ልጽፍ በዚያ ነበርሁ። ከሽማግሌዎቹም አንዱ፥ «ሰውየውን ጠየቅነው፤ መሣሪያውንስ ማን ጠየቀው?» አሉ። ከዚህ ቀጥሎ የተጻፈው መሣሪያው የተጠየቀበት ሥርዓት ነው።

፩ኛ፤ መለኪያው እንዴት እንደሚሠራ

በወፍራሙ ገመድ መካከል ሸንት የሚባል አጭር የብረት ቁራጭ ይገባል። ጀርመናዊው ጌዖርግ ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ ፍሰት በሚያልፍበት ነገር ጫፍና ጫፍ መካከል በፍሰቱ ልክ የቮልት ልዩነት ይገኛል። መለኪያው ይህን ልዩነት በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች እያነበበ ወደ አምፔር ይለውጠዋል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሸንት 100 አምፔር ሲያልፍበት 75 ሚሊቮልት ይሰጣል። እንግዲህ ለ1 አምፔር የሚደርሰው 0.75 ሚሊቮልት ብቻ ነው፤ ይኸውም ከባትሪው 12 ቮልት 16000ኛው እጅ ነው። ምልክቱ ይህን ያህል ትንሽ ስለ ሆነ፥ ከውጭ የገባ ጥቂት ሁከት ብዙ አምፔር መስሎ ይታያል።

፪ኛ፤ ሁከቱ ከወዴት እንደሚመጣ

የመጀመሪያው ምንጭ የባትሪውን ኃይል እንደ ከተማ መብራት የሚለውጠው ኢንቨርተር ነው። ኢንቨርተሩ በሴኮንድ 50 ዙር የሚመላለስ ኃይል ሲሰጥ፥ ከባትሪው የሚስበው በሴኮንድ 100 ጊዜ ከፍና ዝቅ እያለ ነው። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. እንዳገኘው፥ ተለዋዋጭ ፍሰት በአጠገቡ ባለ ሌላ ሽቦ ውስጥ ቮልት ያስነሣል። ስለዚህ የመለኪያው ቀጭን ሽቦ ከወፍራሙ ገመድ ጋራ አብሮ ከታሰረ፥ ያልተላከለትን ይቀበላል።

ሁለተኛው የላላ ወይም የዛገ ማሰሪያ ነው። ሦስተኛው የመሬት ሽቦ በሁለት ቦታ መታሰሩ ነው፤ ከፍሰቱ ከፊሉ በሌላ መንገድ እየሄደ መለኪያውን ያታልላልና። አራተኛው በቅርብ የተቀመጠ ስልክ ወይም የሬዲዮ ማሰራጫ ነው።

፫ኛ፤ መንቀጥቀጥና ማጋደል

ሚዛን በሁለት መንገድ ያሳስታል፤ ነፋስ ሲመታው ይንቀጠቀጣል፤ ወይም ባዶውን ሳለ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። የሚንቀጠቀጠውን ደጋግሞ በመለካትና መካከለኛውን በመውሰድ ማረም ይቻላል፤ ሥርዓት የሌለው ሁከት 100 ጊዜ ቢለካና ቢካፈል ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይቀንሳል። ያጋደለውን ግን ሺህ ጊዜ ቢለኩት ያው ሐሰት ይደጋገማል እንጂ አይታረምም። ባዶውን ሳለ 0.1 አምፔር የሚያሳይ መለኪያ በቀን 2.4፥ በ30 ቀን 72 አምፔር ሰዓት በሐሰት ይቆጥራል።

፬ኛ፤ የምርመራው ሥርዓት

ሥራ ከመጀመር በፊት ቀለበትና ሰዓት ከእጅ ይውለቅ፤ የባትሪው ሁለት ጫፎች በብረት ቢገናኙ ክፉ ቃጠሎ ያመጣሉ። ገመድ መፍታት ሲያስፈልግ አስቀድሞ የፀሐይ ሰሌዳው ይለይ። ከዚህ በኋላ፦

ሀ) የሚስበውንም የሚሞላውንም ሁሉ አጥፍቶ መለኪያውን ማንበብ። ዜሮ ካላሳየ አጋድሏል፤ ዜሮው ይስተካከል።

ለ) ዕቃውን አንድ በአንድ ማብራት። ቁጥሩ መዝለል የጀመረበት ዕቃ የሁከቱ ምንጭ ነው።

ሐ) ማሰሪያዎችን ማጥበቅና ዝገቱን ማጽዳት። ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች በሸንቱ በራሱ ትንንሽ ብሎኖች ላይ ይታሰሩ፤ በወፍራሙ ገመድ ጫፍ ላይ ከታሰሩ የማሰሪያውንም ጉድለት አብረው ይለካሉ።

መ) ሁለቱን ቀጫጭን ሽቦዎች እንደ ቃጫ ገመድ አንድ ላይ መግመድና ከወፍራሙ ገመድ ማራቅ። በአንዱ እጥፍ የገባው ሁከት በሚቀጥለው እጥፍ ተገልብጦ ስለሚገባ እርስ በርሱ ይጣፋል።

ሠ) የመሬቱን ሽቦ በአንድ ቦታ ብቻ ማሰር።

ረ) ሁከቱ ገና ካለ፥ በመለኪያው መግቢያ 1000 ኦም ሬዚስተርና 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ማግባት። ይህ ወንፊት በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚመላለሰውን ሁከት ወደ አንድ ስድስተኛ ገደማ ያወርደዋል።

ሰ) በመጨረሻ በሌላ መለኪያ ማመሳከር፤ አንድ ምስክር ብቻውን አይበቃምና።

፭ኛ፤ በትምህርት ቤቱ የተገኘው

ዕቃው ሁሉ ሲጠፋ መለኪያው ዜሮ አሳየ፤ ኢንቨርተሩ ብቻውን ሲበራ 3 አምፔር ተመለሰ። ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች ከኢንቨርተሩ ገመድ ጋራ በአንድነት ታስረው ተገኙ። ሁከቱ ወደ ላይም ወደ ታችም የሚወዛወዝ ቢሆንም፥ መሣሪያው ከዜሮ በታች የሚወርደውን አይቆጥርም ነበረ፤ የላይኛውን ብቻ ሲደምር ውዝዋዜው ወጪ መሰለው። ሽቦዎቹ ተገምደው ከራቁ በኋላ 0.6 አምፔር ብቻ አሳየ፤ ሁለተኛው መለኪያም ይህንኑ መሰከረ። ይህ 0.6 አምፔር ኢንቨርተሩ ያለ ሥራ በርቶ ሲያድር ለራሱ የሚበላው ነው፤ በ12 ሰዓት 7.2 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ማታ ማታ እንዲጠፋ ሲደረግ ይህም ቀረ። ዘበኛው ነጻ ወጣ፤ ሽማግሌዎቹም በተከሰሰበት ሸንጎ ፊት ይቅርታ ጠየቁት።

እንግዲህ አስተማሪ ሆይ፥ ቁጥር በመስታወት ውስጥ ስለ በራ ብቻ እውነት ነው ብለህ ለልጆች አታስተምር። መጀመሪያ ባዶውን ሚዛን ማየት፥ ቀጥሎ ምንጩን መለየት፥ በመጨረሻ በሁለተኛ ምስክር ማጽናት የዕውቀትም የፍርድም መንገድ ነው።

ለተማሪዎች ጥያቄ

1. 100 አምፔር ሲያልፍበት 75 ሚሊቮልት የሚሰጥ ሸንት፥ 40 አምፔር ቢያልፍበት ስንት ሚሊቮልት ይሰጣል? (መልስ፤ 30)

2. ባዶውን ሳለ 0.2 አምፔር የሚያሳይ መለኪያ በ10 ቀን ስንት አምፔር ሰዓት በሐሰት ይቆጥራል? (መልስ፤ 48)

3. ያጋደለ ሚዛን ደጋግሞ በመለካት የማይታረመው ስለ ምንድን ነው?